የሊዘ ማይትነርን ዝክር በትምህርት ቤት እንዴት እናዘጋጃለን?

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ የሳይንስ ክበቡንም የማስተባብረው እኔ ነኝ። ክበባችን በየዓመቱ በጥቅምት ወር የኦስትሪያ ተወላጅ የሆኑትን የፊዚክስ ሊቅ የሊዘ ማይትነርን ሕይወት የሚዘክር መርሐ ግብር ያዘጋጃል። ከሌሎች ትምህርት ቤቶች የመጡ መምህራን እንዴት እንደምናዘጋጀው ደጋግመው ስለጠየቁኝ፣ የበጀንንም ያልበጀንንም እዚህ በዝርዝር አስፍሬዋለሁ። የምትዘክሯቸው ሌላ ሳይንቲስት ቢሆኑም አካሄዱ ብዙ አይለወጥም።

ከሁሉ አስቀድሞ መወሰን ያለበት የዝክሩ እምብርት ምን እንደሚሆን ነው። ስለ ሴት ሳይንቲስቶች የሚቀርቡ ዝግጅቶች አብዛኛውን ጊዜ በበደል ጀምረው በበደል ያልቃሉ። ታዳሚው ከአዳራሹ ሲወጣ ማይትነር መሰደዳቸውንና የኖቤል ሽልማት ሳያገኙ መቅረታቸውን ያውቃል፤ «ለመሆኑ ያገኙት ነገር ምን ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም። እንዲህ ከሆነ የዘከርነው እርሳቸው የሠሩትን ሳይሆን ሌሎች በእርሳቸው ላይ የሠሩትን ነው። ስለዚህ ከመርሐ ግብሩ ቢያንስ ግማሹን ለሥራቸው መድቡ፤ ሥራው በወሬ ብቻ እንዳይነገር፣ ታዳሚው በዓይኑ እንዲያየውና በወረቀት ላይ እንዲያሰላው አድርጉ። ይህ ውሳኔ ከተወሰነ ሌላው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ቀኑን መምረጥ

ማይትነር የተወለዱት በቪየና ከተማ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 1878 ሲሆን፣ ያረፉት በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ከተማ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1968፣ 90 ዓመት ሊሞላቸው 11 ቀን ብቻ ሲቀራቸው ነው። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም ቀኖች በጥቅምት ይውላሉ። ያረፉበት ቀን ጥቅምት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። የተወለዱበትን ቀን ስትመልሱ ግን ተጠንቀቁ፤ በዛሬው ስሌት ኖቬምበር 7 ጥቅምት 28 ስለሚሆን ብዙ ሰው እንዲሁ ይጽፈዋል። ትክክለኛው ጥቅምት 29 ቀን 1871 ዓ.ም. ነው። ምክንያቱም የጎርጎርዮሳውያኑ አቆጣጠር በ1900 ፌብሩዋሪ 29ን ሳይቆጥር አልፏል፤ ከዚያ በፊት በነበረው መቶ ዓመት በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተወለደ ማንኛውንም ሰው ስትዘክሩ ይህንን አስታውሱ።

በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በቪየና የአይሁድ ማኅበረሰብ መዝገብ ላይ የተጻፈው የልደት ቀን ኖቬምበር 17 ነው፤ ማይትነር ራሳቸውና ሌሎቹ ሰነዶች ግን 7 ይላሉ። እኛ ይህንን ልዩነት ከመደበቅ ይልቅ ለተማሪዎቹ እናሳያቸዋለን፤ ሁለት መዛግብት ሲለያዩ የትኛውን ለምን እንደመረጡ መናገር ራሱ የሳይንስ ትምህርት ነው።

የምንዘክራቸው በሙት ዓመታቸው ነው። ጥቅምት 17 የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ስለሆነና በመስቀል አደባባይ አጠገብ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ምእመን ጠዋት ስለሚበዛ፣ ከተማሪዎቻችን ቤተሰቦች አንዳንዶቹ ከቀትር በፊት አይመቻቸውም። ስለዚህ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ጀምረን 10 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን። ከዚያ ካለፈ የአራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ስለሚረዝም፣ ራቅ ብለው የሚኖሩ ልጆች ቤታቸው የሚደርሱት መሽቶ ነው።

የሕይወት ታሪኩን መጻፍ

አንብቦ ለማዘጋጀት ቢያንስ አንድ ወር ስጡ። ተማሪዎቹን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ቡድን አራት ኪሎ ወደሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት፣ ሌላውን ወደ ወመዘክር መላክ ጥሩ ነው፤ ሁለቱ ቡድኖች ተለያይተው ሠርተው ሲገናኙ ያልተስማሙባቸው ነጥቦች ወዲያው ይታያሉ። በሁለቱም ያልተረጋገጠ ነገር አይነበብም። ይህ ደንብ ሲበዛ ጥብቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ማይትነር ከተጻፈው ውስጥ በስሜት የተጋነነው ብዙ ነው፤ እውነተኛው ታሪክ ደግሞ ማጋነን አያስፈልገውም።

ሁሉንም ለመናገር አትሞክሩ። እኛ በመጀመሪያው ዓመት ከልደት እስከ ሞት አንድም ዓመት ሳንዘል አቅርበን ነበር፤ ግማሹ ታዳሚ እያንቀላፋ ግማሹ ስልኩን እያየ አለቀ። አሁን የምናቀርበው አራት ቦታዎችን ብቻ ሲሆን፣ ንባቡ ከ12 ደቂቃ አይበልጥም።

የመጀመሪያው ቪየና ነው። በዚያ ዘመን በኦስትሪያ የሴት ልጅ መደበኛ ትምህርት በ14 ዓመቷ ያበቃ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች በሩን መክፈት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። ማይትነር ያመለጣቸውን የብዙ ዓመት ትምህርት በግል አጥንተው፣ በ1901 የመግቢያ ፈተናውን አለፉ። ሉድቪግ ቦልትስማን ከሚባሉት ታላቅ የፊዚክስ ሊቅ ዘንድ ተምረው፣ በ1906 ከቪየና ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ ሁለተኛዋ ሴት ሆኑ። እዚህ ላይ «የመጀመሪያዋ» ብሎ ለመጻፍ እጅ ይበላል፤ ሁለተኛ ነበሩና ሁለተኛ በሉ።

ሁለተኛው በርሊን ነው። በ1907 ወደ በርሊን ሲሄዱ ከኬሚስቱ ከኦቶ ሃን ጋር አብረው መሥራት ጀመሩ፤ ነገር ግን የኬሚስትሪ ተቋሙ ሴቶችን ስለማያስገባ፣ ምድር ቤት ባለው የእንጨት ሥራ ክፍል ውስጥ ብቻ፣ ያውም በሌላ በር እየገቡ እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። ወደ ላይኛው ፎቅ መውጣት አይችሉም። ለዓመታት ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ይደጉሟቸው የነበሩት አባታቸው ናቸው። ይህንን ክፍል ስናነብ አንድ ተማሪ ከትምህርት ቤታችን አጠገብ ካሉ አናጢዎች የተዋሰውን መላጊያ ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጣለን። ስለ መላጊያው ምንም አንናገርም። አንባቢዋ «የእንጨት ሥራ ክፍል» ስትል የሁሉም ዓይን ወደ እርሱ ይሄዳል፤ ከፕሮጀክተር ሥዕል የበለጠ ይሠራል።

ሦስተኛው አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የሚያበቃቸውን የመክፈቻ ንግግር ያደረጉት ስለ ኮስሚክ (የጠፈር) ፊዚክስ ነበር፤ አንድ ጋዜጣ ግን «ኮስሜቲክ (የመዋቢያ) ፊዚክስ» ብሎ ዘገበው። ሴት ስለ ጠፈር ልትናገር ትችላለች ብሎ ማሰብ ለዘጋቢው ከብዶት እንደነበር ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልግም። ከአራት ዓመት በኋላ በጀርመን አገር የመጀመሪያዋ ሴት የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኑ።

አራተኛው ስደቱ ነው። ማይትነር ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ ነበሩ። የኦስትሪያ ዜግነታቸው ለጊዜው ከልሏቸው ቢቆይም፣ ጀርመን በማርች 1938 ኦስትሪያን ስትጠቀልል ከለላው ጠፋ። ሐምሌ 6 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ በ59 ዓመታቸው፣ ድርክ ኮስተር በተባሉ የሆላንድ የፊዚክስ ሊቅ ታጅበው በባቡር ወደ ሆላንድ ተሻገሩ። የያዙት አነስተኛ ሻንጣና 10 ማርክ ብቻ ነበር፤ በተጨማሪ ሃን ድንበር ጠባቂዎቹ ካስቸገሩ መደለያ እንዲሆናቸው ከእናታቸው የወረሱትን የአልማዝ ቀለበት ሰጥተዋቸዋል። ቀለበቱ ሳያስፈልግ ቀረ። ከሆላንድ ወደ ስዊድን አለፉ።

በዚህ ክፍል ቀኑን በእኛ አቆጣጠር መናገር የግድ ነው። 1930 ዓ.ም. ስትሉ የአዲስ አበባ አድማጭ ጊዜውን በራሱ ይገነዘበዋል፤ ከተማችን በፋሺስት ወረራ ሥር የነበረችበት፣ ከስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ጭፍጨፋ አንድ ዓመት ተኩል እንኳን ያልሞላበት ጊዜ ነው። ከታዳሚው ቤተሰብ ውስጥም በዚያው ዘመን ሻንጣ አንጠልጥሎ የተሰደደ ዘመድ ያለው ይኖራል። እኛ ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጠቅሰን እናልፋለን፤ ሁለቱን ታሪኮች ለማስተካከል መሞከር ለሁለቱም አይበጅም።

አሁን ደግሞ በአማርኛ ለሚጽፍ ሁሉ አስፈላጊ ወደሆነ ነገር ልለፍ። ባለፈው ዓመት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ረቂቁን ጮክ ብላ እያነበበችልኝ ሳለ መሀል ላይ ቆም አለችና፣ «ቲቸር፣ ፕሮፌሰር ሃንን ‹ተሸለሙ› ካልን፣ ማይትነርን ለምን ‹ሸሸች› እንላለን?» ብላ ጠየቀችኝ። ረቂቁን ያረምሁት እኔ ነበርሁ፤ ሳላስተውለው አልፎኛል። ወረቀቱን ተቀብዬ ስመለከተው በሁለት ገጽ ውስጥ ወንዶቹ በሙሉ «እርሳቸው»፣ ማይትነር ብቻ «እሷ» ነበሩ። ቋንቋችን አክብሮትን በግሡ ጫፍ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ሳናስበው የምንጽፈው ነገር ማንን ከማን እንደምናስበልጥ ይናገርብናል። አንቱታውን ለሁሉም ስጡ፤ ወይም ለሁሉም ተዉት። በስሙም እንዲሁ ነው፤ እኛ ሰውን በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም ስለማንጠራ «ሊዘ» ማለት አይከፋም ነበር፤ ነገር ግን ሃንን «ሃን» እያልን እርሳቸውን «ሊዘ» ብንል አንዳቸው ሊቅ ሌላቸው የሠፈር ልጅ ሆነው ይሰማሉ። ሁለቱንም በቤተሰብ ስማቸው ጥሩ።

ስለ ኖቤል ሽልማቱ ስትጽፉ ቃል በቃል ትክክል የሆነውን ብቻ አስፍሩ። እ.ኤ.አ. የ1944 የኬሚስትሪ ሽልማት የኒውክሊየስን (የአቶምን እምብርት) መሰንጠቅ ስላገኙ ለኦቶ ሃን ብቻ ተሰጠ፤ ውጤቱ የተገለጸው በ1945 ነው። ማይትነር በሕይወት ዘመናቸው ከ40 ጊዜ በላይ ለሽልማቱ ታጭተው አንድም ጊዜ አላገኙትም። የሃን የቅርብ የሥራ ባልደረባ የነበሩት ፍሪትዝ ሽትራስማንም አልተካተቱም። «ሃን ሰረቋቸው» የሚል ቃል በአንድ ረቂቅ ላይ አግኝቼ አስወጥቼዋለሁ። ሙከራውን የሠሩት በእርግጥ ሃንና ሽትራስማን ናቸው፤ ምን እንደተፈጠረ ያስረዱት ማይትነርና የእህታቸው ልጅ ኦቶ ፍሪሽ ናቸው። ጥፋቱ ሁለቱን የሥራ ግማሾች አንድ አድርጎ አለማየት ነው። ከጦርነቱ በኋላ በአንዳንድ ጽሑፎች የሃን ረዳት ተብለው መጠራታቸው ማይትነርን እጅግ ያሳዝናቸው ነበር፤ ሆኖም ከሃን ጋር የነበራቸው ወዳጅነት ሁለቱም እስካረፉበት እስከ 1968 ድረስ አልተቋረጠም። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካው የኤንሪኮ ፌርሚ ሽልማት ለሃን፣ ለማይትነርና ለሽትራስማን በአንድነት ተሰጥቷል።

ሌላው የምጠነቀቅበት ቅጽል ነው። በመጀመሪያው ዝክራችን በር ላይ የሰቀልነው ባነር «የአቶሚክ ቦምብ እናት» የሚል ነበር፤ ሰው ይስባል ብለን ነው። በእንግድነት የመጡ አንድ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር ባነሩን ለረጅም ጊዜ ቆመው ካነበቡ በኋላ፣ «ልጄ፣ እኚህ ሴት በዚህ ስም መጠራት ፈልገው ያውቃሉ?» አሉኝ። አልፈለጉም። በጦርነቱ ጊዜ ቦምቡ በሚሠራበት ፕሮጀክት እንዲካፈሉ ተጋብዘው፣ ከቦምብ ጋር ምንም ጉዳይ እንደማይኖራቸው ተናግረው እምቢ ብለዋል፤ የአሜሪካ ጋዜጦች በኋላ ያንን ስም ሲለጥፉባቸውም አምርረው ተቃውመዋል። ባነሩን ዝግጅቱ ሳይጀመር አወረድነው፤ በር ላይ ባዶ ግድግዳ ቀረ፤ እርሱም ይሻል ነበር። እንግሊዝ አገር ብራምሊ በምትባል መንደር ባለው መቃብራቸው ላይ ፍሪሽ ያስጻፉት ቃል በአማርኛ ሲመለስ «ሰብዓዊነቷን ከቶ ያላጣች የፊዚክስ ሊቅ» የሚል ነው። አሁን በር ላይ የምንጽፈው ይህንን ነው።

የዘይቱን ጠብታ ማሳየት

የዝክሩ እምብርት ይህ ነው። ለታዳሚው የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። ሃንና ሽትራስማን በዲሴምበር 1938 ዩራኒየምን በኒውትሮን (የኤሌክትሪክ ሙል በሌላት የአቶም ቅንጣት) ሲመቱ፣ ከዩራኒየም የከበደ ንጥረ ነገር ሲጠብቁ ባሪየም አገኙ። ባሪየም የዩራኒየምን ግማሽ ከፍ ብሎ የሚመዝን ነው፤ ከየት መጣ? ሃን ጥያቄውን በደብዳቤ ወደ ስዊድን ላኩት። በፈረንጆች ገና ሰሞን ማይትነር ኩንግኤልቭ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበሩ፤ ፍሪሽም አክስታቸውን ሊጠይቁ ከኮፐንሃገን መጥተዋል። ሁለቱ በበረዶው ላይ ለመንሸራሸር ወጡ፤ ፍሪሽ በበረዶ መንሸራተቻ፣ ማይትነር በእግራቸው። እየሄዱ ሲወያዩ ቆይተው፣ በወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠው በብጭቅጫቂ ወረቀት ላይ ማስላት ጀመሩ።

ኒውክሊየሱን እንደ ፈሳሽ ጠብታ አሰቡት። ጠብታን ክብ አድርጎ የሚይዘው የገጹ ውጥረት ነው፤ በዩራኒየም ውስጥ ግን ፖዚቲቭ ሙል ያላቸው 92 ፕሮቶኖች እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ ውጥረቱ በጣም ተዳክሟል። አንዲት ኒውትሮን ስትገባበት ጠብታው ይዋልላል፣ ይረዝማል፣ ወገቡ ይቀጥናል፣ በመጨረሻም ለሁለት ይከፈላል።

ይህንን በጠርሙስ ማሳየት ይቻላል። ሰፊ አፍ ያለው ጥርት ያለ ብርጭቆ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚሸጥ 70 በመቶ አልኮል፣ ውኃ፣ የኑግ ወይም ሌላ የምግብ ዘይት፣ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አዘጋጁ። ዘይቱ ከሩቅ እንዲታይ፣ ከአንድ ቀን በፊት ሞቅ ባለ ዘይት ውስጥ ጥቂት በርበሬ አሳድሩና በጨርቅ አጥሉት፤ ደስ የሚል ቀይ መልክ ይኖረዋል። ብርጭቆውን እስከ ሲሶው ውኃ ሙሉት፤ ከዚያ አልኮሉን በማንኪያ ጀርባ ላይ በቀስታ አፍስሱ፤ ቀስ ካላላችሁ ከውኃው ጋር ይደባለቅባችኋል። ዘይት ከውኃ ይቀላል፣ ከአልኮሉ ደግሞ ይከብዳል፤ ስለዚህ በሲሪንጁ መሀል ላይ ስትለቁት አይንሳፈፍም አይዘቅጥምም፤ በሁለቱ መካከል እንደ ትንሽ ብርቱካን ድብልብል ብሎ ይቆማል። በቢላ ጀርባ መሀሉን በስሱ ነካ አድርጉት፤ ጎበጥ ይልና ወደ ክብነቱ ይመለሳል። ይህ የገጽ ውጥረቱ ነው። አሁን ቢላውን ጠለቅ አድርጋችሁ ጫኑት። ጠብታው ይለጠጣል፤ እንደ ሁለት የተያያዙ ቅሎች ሆኖ መሀሉ ይቀጥናል፤ ከዚያ ክሩ ይበጠስና ሁለት ክብ ጠብታዎች ይሆናሉ። በዚህ ጊዜ ከተማሪዎቹ ዘንድ የሚሰማው ድምፅ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ነው።

አልኮል በቀላሉ ይቀጣጠላል። የሙት ዓመት ዝክር ሲባል ሻማ ማብራት ልማዳችን ስለሆነ፣ ሻማውን በአዳራሹ ሌላ ጫፍ አድርጉ፤ ወይም ሙከራው ካለቀና ብርጭቆው ከወጣ በኋላ አብሩት። አልኮሉን መምህሩ ብቻ ያፍስስ፤ መስኮትም ይከፈት። አዳራሹ ትልቅ ከሆነ ተማሪዎቹን አሥር አሥር አድርጋችሁ ወደ ጠረጴዛው አቅርቡ፤ በስልክ ካሜራ ወደ ግድግዳ ማሳየትም ይቻላል፤ መብራት ከሄደ ግን ይቀራል፤ ስለዚህ በእርሱ ላይ አትደገፉ።

ምሳሌው የት ላይ እንደሚያበቃም ተናገሩ። የዘይቱ ጠብታ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሌለው ግማሾቹ እዚያው ቁጭ ይላሉ፤ የዩራኒየም ግማሾች ግን ሁለቱም ፖዚቲቭ ስለሆኑ በኃይል ይገፋፋሉ። ኃይሉ ስንት ነው? ማይትነርና ፍሪሽ ያሰሉት ይህንን ነው፤ ታዳሚውም ሊያሰላው ይችላል። ወረቀትና እርሳስ አድሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ዩራኒየም 92 ፕሮቶን አለው፣ ባሪየም 56፤ ሌላው ግማሽ ስንት ይኖረዋል? 36፤ ይኸውም ክሪፕተን ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ቀንሶ ስሙን ከሰንጠረዡ ላይ ሲያገኝ፣ በዚያ በረዶ ላይ የሆነውን ነገር አንድ እርምጃ ተከትሎታል። ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሁለቱ ግማሾች ሲገፋፉ የሚኖራቸው ጉልበት 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ ጉልበት የሚለካበት መለኪያ) ያህል ነው፤ ይህ ጉልበት ከየት መጣ? ማይትነር የኒውክሊየሶችን ክብደት የሚያሰሉበትን ቀመር በቃላቸው ይይዙ ነበር፤ ሁለቱ ግማሾች ተደምረው ከመነሻው በአንድ ፕሮቶን አንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀሉ አገኙ። የአንድ ፕሮቶን ክብደት በአይንስታይን ቀመር ወደ ጉልበት ሲለወጥ 938 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ለ5 ስታካፍሉት 188 ያህል ይመጣል። ከ200 ጋር ይቀራረባል። በጣም ይቀራረባል። ተማሪዎቹ ይህንን ራሳቸው ሲያዩት ዝም በሉ፤ ማብራሪያ አትጨምሩ።

በዚህ ክፍል ድራማ ለመሥራት ትፈተናላችሁ፤ አክስትና የእህት ልጅ በበረዶ ላይ ሲነጋገሩ። እኛ ትተነዋል፤ ምክንያቱም ተማሪዎች በማይትነር አፍ ያልተናገሩትን ቃል ማስገባታቸው አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ታዳሚው የሚያስታውሰው ያንን ቃል ይሆናል። ሁለቱ ያወጡት ጽሑፍ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የታተመው የካቲት 4 ቀን 1931 ዓ.ም. መሆኑን በመንገር ክፍሉን ዝጉት።

አዳራሽ፣ ወረቀትና ቡና

እነዚህ ብዙ አያስጨንቁም። የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ከትልቅ አዳራሽ ይሻላል። ፒያሳ አካባቢ የነበሩ ሱቆች በርካቶቹ ስለተነሱ የምታውቁት ማተሚያ ቦታው ላይ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ለነገሩ በእጅ የተጻፈ ትልቅ ወረቀት ከባነር አያንስም። በጥቅምት ጽጌን የሚጾሙ ስላሉ፣ ቀኑም ረቡዕ ወይም ዓርብ ሊሆን ስለሚችል፣ ዳቦ፣ ቆሎና ቡና ማቅረብ ሁሉንም ያስማማል።

እንግዳ መጋበዝን ግን አትዝለሉ። በአራት ኪሎው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የሚያስተምሩና የሚመራመሩ ሴቶች አሉ፤ አንዷን ጋብዙና ስለ ማይትነር ሳይሆን ስለ ራሳቸው ምርምር አሥር ደቂቃ እንዲናገሩ ለምኗቸው። «እንዴት ተቸገሩ?» ከሚለው በፊት «ምን እየፈለጉ ነው?» የሚለው ይጠየቅ። ተማሪዎቻችን እንደ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ያሉ፣ በዕፅዋት በሽታ ምርምር እ.ኤ.አ. በ2014 የሎሬያል ዩኔስኮ የሴቶች የሳይንስ ሽልማት ያገኙ ኢትዮጵያዊት እንዳሉ ሲሰሙ ቀጥለው የሚጠይቁት ስለ በሽታዎቹ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ሁለት ጊዜም እንዲያ ሆኗል።

የመዝጊያው ሥርዓት

ንግግር አናደርግም። በቤተ ሙከራችን ግድግዳ ላይ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ተሰቅሏል፤ ጠርዙ የተቀዳደደ፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 በፊት የታተመ አሮጌ ሰንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በጀርመን አገር በዳርምሽታት የተሠራው 109ኛው ንጥረ ነገር፣ በ1997 በማይትነር ስም «ማይትነሪየም» ተብሎ በይፋ ተሰይሟል፤ ለሃን መታሰቢያ ታስቦ የነበረው «ሃኒየም» የሚለው ስም ግን በመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ አልገባም። በእኛ ሰንጠረዥ ላይ በ109ኛው ሳጥን ውስጥ የነበረው ሦስት ፊደል ያለው ጊዜያዊ ምልክት ብቻ ነበር።

ታዳሚው ከመቀመጫው ተነሥቶ ሳጥኑን እንዲፈልግ ጠይቁ። በመጀመሪያው ዓመት ያገኘችው ከኋላ የተቀመጠች የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ወንበር ላይ ወጥታ በጣቷ ያዘችው። ማርከር ሰጠኋት። ጊዜያዊውን ምልክት በአንድ መስመር ሰርዛ ከሥሩ «ኤም ቲ» የሚሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ጻፈች፤ ቀጥላም ማንም ሳያዝዛት በአማርኛ «ማይትነር» ብላ ጨመረችበት። ሰንጠረዡን እስከ ዛሬ አልቀየርነውም።